የጎንደር ዲጂታል ካርታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስልክ ካርታ፣ ስለ ጂፒኤስና የቦታ መረጃን ስለመጋራት ጎንደር ውስጥ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ጠጣሩ አስቀምጠናል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ ዓመትና የጥምቀት ቀን ግን በእኛው ነው።

ዲጂታል ካርታ ከወረቀት ካርታ በምን ይለያል?

የወረቀት ካርታ ሥዕል ነው፤ አንዴ ከታተመ ታተመ። ዲጂታል ካርታ ግን ከሥዕሉ ጀርባ መረጃ አለው። ፋሲል ግቢን በጣታችሁ ስትነኩት ስሙ፣ ዓይነቱ፣ አንዳንዴም የመግቢያ ሰዓቱ ይወጣል። ከዚያ በተጨማሪ በምድር ላይ የት እንዳለ የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች አሉት።

መረጃ ስለሆነ ይጠየቃል። «ከፒያሳ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት መድኃኒት ቤት አለ?» ማለት ይቻላል። «ከጤና ጣቢያ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የደምቢያ ጎጥ የትኛው ነው?» ማለትም እንዲሁ። ቦታው የታወቀ መረጃ ሁሉ የጂኦስፓሻል መረጃ ይባላል። ኤክሴል ላይ የተጻፈ የቦኖ ውሃ ዝርዝር እንኳ የእያንዳንዱ ቦኖ ሁለት ቁጥር ከተጨመረበት እዚህ ውስጥ ይገባል።

እነዚያ ሁለት ቁጥሮች እንዴት ይነበባሉ?

የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል ዲግሪ እንደራቃችሁ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ ከግሪኒች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ይናገራል። ፋሲል ግቢ 12.61፣ 37.47 አካባቢ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጉድ ነው። 37.47፣ 12.61 ብላችሁ ብትፈልጉ ካርታው ከጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይጥላችኋል። አንዳንድ ሶፍትዌር ኬንትሮስን ስለሚያስቀድም ይህ ስህተት በየጊዜው ይገጥማል። የጎንደር ነጥቦቻችሁ ባሕር ላይ ከተበተኑ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አኃዞችም አትቁረጡ። ሁለት አኃዝ ብቻ ካስቀራችሁ ስህተቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። አራት አኃዝ ወደ 11 ሜትር፣ አምስት አኃዝ ወደ 1 ሜትር ያወርደዋል። በስልክ ለሚለካ ነገር አምስት ይበቃል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ስልኬ ያለሁበትን እንዴት ያውቃል?

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩ እንደ ሬዲዮ ተቀባይ ብቻ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ይይዛል። ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት ካገኘ ቦታችሁንና ከፍታችሁን ያወጣል። ሳተላይቶቹ ስለ እናንተ የሚያውቁት ነገር የለም። ቦታችሁን ለሌላ ሰው የሚያደርሰው ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ነው፤ እሱም ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው።

ኢንተርኔት የሚረዳው የካርታውን ሥዕል ለማውረድና ሳተላይቶቹን ቶሎ ለማግኘት ነው። ኔትወርክ በሌለበት የመጀመሪያው ነጥብ እስኪመጣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቆማችሁ ጠብቁ። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ነው «ጂፒኤሱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚዘጋው።

ታዲያ ያለ ኢንተርኔት የትኛውን ካርታ ልጠቀም?

ኦርጋኒክ ማፕስ እና ኦስማንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች ሙሉ ካርታውን ስልካችሁ ላይ ያወርዳሉ። ፍለጋውም፣ መንገድ ማውጣቱም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ጉግል ማፕስም የመረጣችሁትን አካባቢ ያወርዳል፤ በየጊዜው ግን ማደስ ይጠይቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው አይነገረውም። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ በተለይ ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች የምትወጡ ከሆነ።

ሰማያዊው ነጥብ ለምን ይዘላል?

ሰማይ በግልጽ በሚታይበት ቦታ የተለመደ ስልክ ስህተቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። ግንብ አጠገብ ግን ይብሳል። ፋሲል ግቢ ውስጥ በሁለት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ መሐል ቁሙና ስልካችሁን እዩት። ምልክቱ በቀጥታ መድረስ ስላቃተው ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይመጣል። ረጅም መንገድ ስለዞረ ስልኩ ርቀቱን አብዝቶ ያሰላል። እናንተ ግንቡ ውስጥ ሆናችሁ ነጥቡ ከግንቡ ውጭ ይታያል።

ነጥቡን የሚከበው ፈዛዛ ክብ ስልኩ ራሱ የገመተው ስህተት ነው። ክቡ እስኪጠብ ጠብቁ፣ ከዚያ መዝግቡ። ካልጠበበ ወደ ገላጣው ወጣ በሉና ቦታውን በሳተላይት ምስሉ ላይ በእጃችሁ አስቀምጡት።

ሱቄ ካርታው ላይ የለም። እንዴት ላስገባው?

ጉግል ማፕስ ላይ ቦታውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ የጎደለ ቦታ መጨመሪያ ይመጣል። ኩባንያው አጣርቶ ሲቀበለው ይታያል። በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ነጻ ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ደግሞ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ በድረ ገጹ ማረሚያ የሳተላይት ምስሉ ላይ ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ስም ትጽፋላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ። ዋናው ካርታ ላይ ብዙም ሳይቆይ ይወጣል። ከመስመር ውጭ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ላይ ግን ቀጣዩ እትም እስኪወርድ አይታይም።

ነጥቡን በሩ ላይ አስቀምጡ። ብዙ ሰው የግቢውን መሐል ይመርጣል፤ ከዚያ ባጃጁ በጓሮ በኩል ወዳለው ጠባብ መንገድ ይገባና ደንበኛው ስልክ ሲደውል ይውላል።

ሌላው ትልቅ ጣጣ የሥራ ሰዓት ነው። ሱቃችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ከሆነ ካርታው ላይ የሚጻፈው 08:00 እስከ 20:00 ተብሎ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው በራሳችን አቆጣጠር 02:00 እስከ 12:00 ብሎ ቢያስገባ ካርታው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍት ነው ብሎ ይረዳዋል። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲፈልገው «ዝግ ነው» ይለዋል። ይህን ስህተት ያያችሁበት ቦታ ሁሉ አርሙት፤ ለባለሱቁ ትልቅ ውለታ ነው።

ጉግል ማፕስና ኦፕንስትሪትማፕ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለየትኛው ልሥራ?

ጉግል ማፕስ የአንድ ኩባንያ ምርት ነው። በነጻ ትጠቀሙበታላችሁ፣ መረጃውን ግን አውጥታችሁ መውሰድ አትችሉም። ኦፕንስትሪትማፕን በ2004 ብሪታንያ ውስጥ የጀመረው ስቲቭ ኮስት ነው። በጎ ፈቃደኞች ይሠሩታል፤ መረጃውን ማንም ሰው ሙሉ በሙሉ አውርዶ ሊሠራበት ይችላል። ጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሰዎች የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች ከሳተላይት ምስል ላይ በቀናት ውስጥ ሥለው ለነፍስ አድን ሠራተኞች አደረሱ። ዛሬ ለሰብአዊ ሥራ የሚደረገው የካርታ ዘመቻ ሁሉ ከዚያ ቀጠለ።

ነጋዴ ከሆናችሁ ሁለቱም ላይ ተመዝገቡ፤ ደንበኛው የትኛውን እንደሚከፍት አታውቁም። ለከተማዋ አንድ ሰዓት መስጠት የምትፈልጉ ከሆነ ግን ለኦፕንስትሪትማፕ ስጡ እላለሁ። እዚያ ያስገባችሁትን ቦኖ የውሃ ባለሙያው ያወርደዋል፣ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ይጠቀምበታል፣ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ያለ ኔትወርክ ያየዋል። ጥር 10 እና 11 የፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ በሕዝብ ሲጥለቀለቅ መጸዳጃ ቤቱ፣ የመጠጥ ውሃውና የመጀመሪያ ዕርዳታ ጣቢያው ካርታ ላይ ቢኖር ስንቱ ይረዳ ነበር።

ስሞችን እንዴት ልጻፍ? አማርኛ ብቻ ይበቃል?

ዋናውን ስም ሰው በሚጠራበትና በሩ ላይ በተጻፈበት በአማርኛ ጻፉ። ለእንግሊዝኛው የተለየ ቦታ አለ፤ ለአማራጭ ስምም እንዲሁ። አማራጩን አትናቁት። «ሥላሴ» ብሎ የተጻፈውን «ስላሴ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ቀሐና ቀሃ፣ ቍስቋምና ቁስቋም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ትክክለኛውን በዋናው ስም፣ ሌላውን በአማራጩ ላይ አስቀምጡ።

በባለ አርባ አራት ታቦቷ ከተማ ደግሞ ግማሽ ስም አይሠራም። «ሚካኤል» ብቻ ብላችሁ ካስገባችሁ ፊት ሚካኤል ነው አጣጣሚ ሚካኤል? «ተክለ ሃይማኖት» ስትሉስ የአዘዞውን ነው የከተማውን? ሙሉ ስሙን ከአካባቢው ሰው፣ ቢቻል ከደብሩ አገልጋዮች ጠይቃችሁ ጻፉ። የድሮ ሰፈር ስም የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ዛሬ አሉ። ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ማንም ሰው ማረም ከቻለ መረጃው እንዴት ይታመናል?

እያንዳንዱ ለውጥ ከነአካውንቱና ከነቀኑ ይመዘገባል። የተበላሸው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ለውጦችን የሚከታተሉ ሰዎችም አሉ። ሆን ብሎ የሚያበላሽ ሰው ያን ያህል አያስቸግርም።

የባሰው ችግር መረጃው ማርጀቱ ነው። በኮሪደር ልማት መንገዱ ሲሰፋና ቤቶች ሲነሡ የሳተላይት ምስሉ ገና የድሮውን ሊያሳይ ይችላል። ባሕር ማዶ ያለ በጎ ፈቃደኛ ምስሉን አምኖ የፈረሰውን ቤት መልሶ ይሥለዋል። ይህን ሊያርም የሚችለው በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሰው ነው። አካውንት ባይኖራችሁ እንኳ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ማስታወሻ ጥላችሁ መሄድ ትችላላችሁ፦ «እዚህ ያለው ሕንፃ ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል»። ይበቃል።

ነጻ የሳተላይት ምስል ከየት አገኛለሁ? ለምንስ ይጠቅመኛል?

የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል 2 ከ2015 ጀምሮ ምስል ይሰጣል። የምስሉ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ተመሳሳይ ቦታ ላይ በየ5 ቀኑ ይመለሳል። የአሜሪካው ላንድሳት ማኅደር ከ1972 ይጀምራል፤ ከ2008 ወዲህ ለማንም ነጻ ነው። ለከፍታ ደግሞ በየካቲት 2000 አንድ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው መረጃ አለ፤ የአንገረብን ተፋሰስ ለማውጣት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከእሱ ነው። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2019 ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችውን የመጀመሪያዋን ምድር ቃኚ ሳተላይት አምጥቃለች።

ለእኛ አካባቢ ጥቅሙን በደንብ የሚያሳየው እምቦጭ ነው። ጣና ላይ ከ2011 ወዲህ ያየነው ይህ አረም በዓይን ብርሃን አረንጓዴ ብቻ ነው። ዓይን በማያየው የቀይ ታሕታይ ብርሃን ግን ሕያው ቅጠል በኃይል ያንጸባርቃል፤ ውሃ ደግሞ ከሞላ ጎደል ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ በደምቢያና በጎርጎራ በኩል አረሙ የያዘው ስፋት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ነፋስ ከዳር ወደ ዳር ሲነዳውም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መከታተል ይቻላል። በክረምት ደመናው ይጋርደዋል። ያኔ ደመና የማያግደውን ሴንቲኔል 1 ራዳር መሞከር ነው። በ10 ሜትር ነጥብ አንድ ጎጆ ወይም አንድ ባጃጅ ይታየኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

መረጃውን ለመክፈት ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። የተሰረቀ ሶፍትዌር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

የድሮው የመንግሥት ካርታና የስልኬ ጂፒኤስ ለምን 200 ሜትር ይለያያሉ?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የመሬትን ቅርጽ የገመቱበት መነሻ ግን ይለያያል። የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ነው፤ ስሙ በግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የልኬት ነጥብ የመጣ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። እዚህ አገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። የማራኪ ሕንፃ ከነሰፈሩ የሸሸ መስሎ ከታያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ካርታውን በራሱ መነሻ ከፍቶ ሶፍትዌሩ እንዲለውጠው ማድረግ ነው። ዩቲኤም ምድርን በቁጥር ወደተለዩ ዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት ነው፤ ጎንደር በዚህ ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት። በኪውጂአይኤስ የአዲንዳኑ ኮድ 20137፣ የደብሊውጂኤስ 84ቱ ደግሞ 32637 ነው። ነጥቦቹን በእጅ እየገፋችሁ «አስተካከልኩ» አትበሉ። ቀጥሎ የሚረከባችሁ ሰው ምን እንደተደረገ በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም።

ፋይል በቴሌግራም ተላከልኝ፣ አይከፈትም። ለምን?

ሼፕፋይል የተባለው የካርታ መረጃ ማስቀመጫ ዓይነት ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሼፕፋይል የምንለው አንድ ፋይል አይደለም። ቅርጹን፣ ማውጫውንና ሠንጠረዡን የያዙ ቢያንስ ሦስት ፋይሎች አሉት፤ የቦታ መነሻውን የሚናገረው አራተኛውም አብሮ መሄድ አለበት። ላኪው ስሙን አይቶ አንዱን ብቻ ይልካል። ሁሉንም ዚፕ አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።

ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ወይም የተዘበራረቀ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ሼፕፋይል የቆየ ቅርጽ ነው። የአንድ ዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይችልም። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ የዓምዱ ስም ሦስት ፊደል ላይ ይቆረጣል። «የቀበሌ ስም» የሚለው «የቀበ» ሆኖ ይቀራል። ጂኦፓኬጅ የተባለው አዲሱ ቅርጽ ይሻላል፦ አንድ ፋይል ነው፣ አማርኛን አያበላሽም፣ ኪውጂአይኤስም በራሱ የሚመርጠው እሱን ነው። ለነጥብ ዝርዝር ብቻ ከሆነ ሲኤስቪ የሚባለው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል ይበቃል።

ከጉግል ማፕስ ላይ እያየሁ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ብገለብጥስ?

አይቻልም። የጉግል ውል አይፈቅድም፣ ኦፕንስትሪትማፕም አይቀበልም፤ ከተገኘ ይሰረዛል። ማረሚያው ላይ የሚታዩት የሳተላይት ምስሎች ለዚሁ ሥራ የተፈቀዱ ስለሆኑ ከእነሱ ላይ ሣሉ። ሰፈራችሁን በእግር ዞራችሁ ያያችሁት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

በተቃራኒው የኦፕንስትሪትማፕን ካርታ ለመጽሔት፣ ለጥናት ወይም ለሆቴል ብሮሹር መጠቀም ትችላላችሁ። ምንጩን ከሥሩ መጻፍ ግዴታ ነው። መረጃውን አሻሽላችሁ ካሰራጫችሁ ያሻሻላችሁትን በዚያው ፈቃድ ለሌሎች መክፈት አለባችሁ። ከ2012 ጀምሮ ያለው ፈቃድ ይህን ይላል።

ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ተካስሰናል። በስልክ የለካሁት ማስረጃ ይሆናል?

በዚህ አትመኩ። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ 200 ካሬ ነው። በስልክ ለክታችሁ አጭሩ ጎን 5 ሜትር ቢጨምር 300 ካሬ ሆነ። የሚያከራክራችሁ አጥር ደግሞ ምናልባት ግማሽ ሜትር ነው። የመሬት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ በአንድ የታወቀ ቋሚ ነጥብ እየታገዘ ስህተቱን ወደ ሴንቲሜትር ያወርዳል።

በከተማ የሚያዋጣው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁና ካዳስተር የሚባለው የይዞታ ወሰን ምዝገባ ነው፤ ለከተማ ይዞታ ምዝገባ መሠረት የጣለው አዋጅ ቁጥር 818/2006 ነው። በገጠር ደግሞ የመሬት ደብተራችሁና ከሱ ጋር የተሰጠው የማሳ ካርታ። ጉግል ላይ ያለው የሳተላይት ምስል ራሱ ጥቂት ሜትሮች ሊሸሽ ስለሚችል «ምስሉ ላይ አጥሬ እዚህ ነው» ማለት ብቻውን አያስኬድም። የድሮ ምስል ግን አንድ ነገር በደንብ ያሳያል፦ በዚያ ቀን ቤቱ ወይም አጥሩ ነበር ወይስ አልነበረም። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ባለሙያ ይዛችሁ ብትቀርቡ ይጠቅማችኋል።

ድሮን አስነሥቼ ሰፈሬን ላንሣ?

ያለ ፈቃድ አይሆንም። አገር ውስጥ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከሲቪል አቪዬሽንና ከጸጥታ አካላት ፈቃድ ያስፈልጋል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለም አትርሱ። አሁን ባለው ሁኔታ ከራስ ላይ የሚበር ድሮን ሰውን ያስደነግጣል፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ለአብዛኛው የሰፈር ካርታ ሥራ የሳተላይት ምስልና እግር ይበቃሉ።

ሁሉንም መረጃ መክፈት ጥሩ ነው? የማይጋራ ነገር የለም?

አለ፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የሕመምተኛን ቤት የሚያሳይ ነጥብ አይጋራም። የካላዛር፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ ጥናት የምትሠሩ ሰዎች ነጥቦቹን በቀበሌ ወይም በወረዳ ጠቅልላችሁ አውጡ። ስሙን ሰርዞ ነጥቡን መተው ስም ከመጻፍ አይለይም፤ ገጠር ውስጥ በአንድ ነጥብ ላይ ያለው አንድ ቤት ነው፣ መንደሩም የማን እንደሆነ ያውቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት አንዱ ነው። ተፈናቃዮች ያረፉበት ቤት፣ ብራናና ንዋየ ቅድሳት የተቀመጡበት ክፍል፣ የዋሊያ መዋያ ገደል፣ እነዚህም በትክክለኛ ነጥብ አደባባይ አይወጡም። ቤተ ክርስቲያኑ ካርታ ላይ ይሁን፤ ዕቃ ቤቱ አይሁን።

ሳያስቡት የሚወጣም አለ። ጥር 2018 ላይ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ያወጣው የሯጮች ካርታ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ በዓለም ዙሪያ አጋለጠ። ማንም ሆን ብሎ ምሥጢር አላወጣም፤ ወታደሮቹ ሰዓታቸውን አስረው ሮጡ፣ በቃ። በእኛ ስልክም ተመሳሳይ ነገር አለ። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ የቦታ መረጃው ይወልቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ከነሎኬሽኑ ይሄዳል። የልጃችሁን ፎቶ ለጥራቱ ብላችሁ እንደ ፋይል ስትልኩ የቤታችሁንም አድራሻ አብራችሁ ልካችኋል።

አንዱ መሥሪያ ቤት ያለውን መረጃ ሌላው ለምን አያገኘውም?

ዘንድሮ አስፋልት የለበሰ መንገድ ለከርሞ ለውሃ ቧንቧ ሲቆፈር ያላየ የከተማ ሰው የለም። የቧንቧው መሥመር አንድ ቦታ፣ የመንገዱ ዕቅድ ሌላ ቦታ፣ የቴሌው ሦስተኛ ቦታ ነው። ሁሉም ተለክቷል፤ የተለካው አልተገናኘም። ክፋት ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ጊዜ መረጃው ያለው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በሄደው ባለሙያ ላፕቶፕ ወይም መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ፍላሽ ላይ ነው። ኃላፊው «ብሰጥና ችግር ቢመጣስ» ብሎ ይፈራል። የተገኘውም ቢሆን መቼ እንደተለካ የሚናገር ወረቀት ስለሌለው የሚቀበለው ሰው አያምነውም።

ከትንሽ መጀመር ይቻላል። ሁሉንም ነገር የሚይዝ ትልቅ ሥርዓት እስኪገነባ አትጠብቁ። አንድ ነገር ምረጡ፤ ቦኖ ይሁን ትምህርት ቤት። ለእያንዳንዱ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጡ፣ አንድ ባለቤት መድቡለት። ከፋይሉ ጋር ግማሽ ገጽ ጽሑፍ አያይዙ፦ መቼ ተለካ፣ በማን፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው መነሻ፣ ተቀባዩ ምን ማድረግ ይፈቀድለታል። ጎንደር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሰው ሰፈሩን እስካሁን በድሮው የቀበሌ ቁጥር ይጠራል፤ አዲሱ መዝገብ ግን በክፍለ ከተማ ነው። የድሮውንና የአዲሱን የሚያገናኝ ሠንጠረዥ የሌለው መረጃ ካለፈው ዓመት ጋር አይወዳደርም።

እንደ ዜጋ መረጃ የምትፈልጉ ከሆነ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ከልካዩም ምክንያቱን መናገር አለበት። ብሔራዊ ካርታዎችንና የአየር ፎቶዎችን የሚይዘው አዲስ አበባ ያለው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ የሰበሰባችሁትን ነጥብ ከጽሑፉ ጋር ዜኖዶ በተባለው የጥናት መረጃ ማኖሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫኑት። ነጻ ነው፣ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ የሚጠቀምበት ሁሉ ስማችሁን ይጠቅሳል። የክረምት ጭቃ ረግጣችሁ ያመጣችሁት መረጃ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ካቀረባችሁበት ቀን በኋላ ሲጠፋ ያሳዝናል።

የአስተዳደር ወሰን ለምን ከካርታ ካርታ ይለያያል? የትኛውን ልመን?

የቀበሌና የወረዳ ወሰን በየጊዜው ይከፈላል፣ ይጣመራል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መረጃ መለዋወጫ ላይ የኢትዮጵያ ወሰኖች በነጻ ይገኛሉ፤ ግን የአንድ የተወሰነ ጊዜ ቅጂ ናቸው። ዛሬ ያለውን አዲስ ወረዳ ላያሳዩ ይችላሉ።

ክርክር ያለበት ወሰን ሌላ ጉዳይ ነው። ጉግል አንዳንድ ድንበሮችን ተመልካቹ ባለበት አገር መሠረት ለውጦ ያሳያል። ኦፕንስትሪትማፕ በተቻለ መጠን መሬት ላይ በተግባር ያለውን ለመከተል ይሞክራል፤ ሰዎችም መሥመሩን እየገፉ ይመልሱታል። በዚያ ግፊያ ውስጥ አትግቡ። መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የውሃ ጉድጓዱን ሣሉ። ወሰኑ በማንኛውም በኩል ቢያልፍ የሚጠቀምባቸው ሰው እዚያው ነው። ወሰን ያለበት ካርታ ማሳተም ግድ ከሆነባችሁ ፋይሉን ከየት እንዳገኛችሁትና የስንት ዓመት እንደሆነ ከሥዕሉ ሥር ጻፉ፤ መሥመሩ ለማሳያ ብቻ መሆኑንም ጨምሩበት።